ላንድክሩዘር ኤፍጄ45 ፒክአፕ፦ አባይ በረሃ ሽቅቡ ላይ ቤንዚን ያጥራታል፣ ስታርፍ ትነሳለች

የአባቴ_መኪና | ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው የጻፍኩት።

ከአባቴ የተረከብኳት ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለችኝ። ኤፍጄ45፣ እ.ኤ.አ. የ1981 ሞዴል፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 2ኤፍ የቤንዚን ሞተር። ካርቡሬተሯም ከፋብሪካ የመጣችበት ነው። ከደጀን ጤፍ እየጫንኩ አዲስ አበባ አመጣለሁ፣ በወር ሦስት አራት ጊዜ።

ባዶዋን ስሄድ ምንም የላትም። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ድልድዩን እሻገራለሁ፣ የደጀንን ሽቅብ እየዘፈነች ትወጣዋለች። ስመለስ ነው ጉዱ። ጭነት ይዛ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣ፣ ስምንት አሥር ኪሎ ሜትር ላይ መንተባተብ ትጀምራለች። ጉልበቷ ይከዳታል፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገባለሁ፤ ትንሽ ትጎትታለች፤ ከዚያ ሁለት ሦስቴ አስላ ጸጥ። ኮፈኑን ከፍቼ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጌ፣ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ስጠብቅ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። አራት ኪሎ ሜትር ሄዳ ያንኑ ትደግማለች። ባለፈው ሳምንት ያችን ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለመውጣት ሦስት ሰዓት ፈጀሁ።

የተደረገላትን ልናገር። ካንዴላ ተቀይሯል፣ ፊልትሮ ተቀይሯል፣ ካርቡሬተሩ ወርዶ ታጥቦ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተቀይሮለታል፣ የቤንዚን ፖምፓው አዲስ ነው። አንዴ ደግሞ አንድ መካኒክ የቤንዚን መስመሩን በኮምፕሬሰር ወደ ኋላ ነፋልኝና ሁለት ጉዞ ምንም አላለችም ነበር፤ በሦስተኛው ተመለሰባት።

የጠየቅሁት ሁሉ "ሙቀት ነው፣ ቤንዚኑ እየተነነ ነው" ይለኛል። ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ እየጠመጠምኩ፣ ውሃ በጀሪካን እየተሸከምኩ መዞር ሰለቸኝ።

ቦቢና | ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 2፡31

ቦቢና ነው።

ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ቦቢና ሲግል ብልጭታው ይሞታል፣ ሲበርድ ይነሳል። ሃያ ደቂቃ ያልከው ልክ የቦቢና ሃያ ደቂቃ ነው። ለውጠው፣ ትገላገላለህ።

የአዋሽ_ሹፌር | ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 3፡05

ቦቢና ሆይ፣ ባለፈው የሰውየው ራዲያተር ሲያፈስስም ቦቢና ብለሃል :)

ወንድሜ፣ እኔ በአዋሽ መስመር ዓመታት ሠርቻለሁ፣ ይሄ የታወቀ የበረሃ በሽታ ነው። ቤንዚን በቱቦው ውስጥ እያለ ይፈላና ጋዝ ይሆናል፤ ፖምፓው ደግሞ የሚገፋው ፈሳሽ እንጂ ጋዝ አይደለም፣ ባዶውን ይመታል። የቤንዚኑን ቱቦ ከጭስ ማውጫው አርቀው፣ ካልሆነ በቆርቆሮ ጋርደው። ሌላው፣ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን አትቅዳ። ምን እንደተቀላቀለበት አምላክ ይወቀው።

ጋሽ_ፒንሳ | ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጄ፣ ቤንዚኑ ሲተን ማን አየው? አንተ አላየህ፣ ጨርቅ ጠምጥም ያለህም አላየ። ሙቀት ነው ማለት ቀላል ነው፤ በረሃ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ይሞቃል።

መኪናህ የምታይበት መስኮት ሰጥታሃለች። ካርቡሬተሩ ጎን ላይ፣ የቤንዚን ጓዳው ላይ፣ ትንሽ ክብ መስታወት አለች። ጥቀርሻ ስለሸፈናት አላየሃትም ይሆናል። በጨርቅ ጥረጋት። ደህና ሞተር ሲሠራ ቤንዚኑ መስታወቷ መካከል ላይ ይታያል።

አሁን በሚቀጥለው ጉዞ ልክ ጸጥ ስትል፣ ሞተሪኖ (ማስነሻውን) ሳትነካ፣ ውሃ ሳታፈስ፣ ኮፈን ክፈትና መስታወቷን እይ። ቤንዚኑ መካከል ላይ ካለ ነዳጅ አላነሳትም፤ ወደ ኤሌክትሪኩ ዙር፣ ያኔ ቦቢናም ይሁን ሌላ እንነጋገራለን። ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ባለ ሽቦ ቫልቭም እይ፤ ቁልፍ ስትከፍት "ጠቅ" ካላለች ሚኒሞ (መርገጫ ሳትነካ መሥራት) አትይዝልህም። መስታወቷ ባዶ ከሆነች ግን ቤንዚን አልደረሰም። ከላይ እስከ አፏ ከሞላች ደግሞ አፍኗታል።

ባዶ ሆና ካገኘሃት ሁለተኛ ሥራ አለህ። የታንኩን ክዳን ክፈት፣ ጆሮህን አስጠጋ። "ፍስስስ" ብሎ አየር ከሳበ ክዳኑ አይተነፍስም ማለት ነው። ከዚያ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን የጎማ ቱቦ ንቀልና ጠርሙስ ውስጥ አድርገህ ሰው ሞተሪኖ ይምታልህ። ቤንዚን ተንፎልፉሎ ከወጣ ፖምፓህ ደህና ነው፣ በሩን የዘጋችው የካርቡሬተሩ መርፌ ናት። ካልወጣ ወደ ኋላ ሂድ።

ጠርሙሱን ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርግ። ከመንቀልህ በፊት የቦቢናውን ሽቦ አውልቅ፣ ሲጋራ ያለውን ሰው አርቅ። በዚች ሥራ እጁ የተቃጠለ ጓደኛ አለኝ።

የአባቴ_መኪና | ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 3፡02

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። መስታወት እንዳላት ዛሬ ነው ያወቅሁት፤ ጠርጌ አየሁት፣ ግቢ ውስጥ ሲሠራ ልክ እንዳሉት መካከል ላይ ነው። ዓርብ እወርዳለሁ፣ አሳውቅዎታለሁ።

ሶማሌ_ተራ_ልጅ | ኅዳር 4፣ ከቀኑ 6፡44

አዲስ ፖምፓ ማለት ደህና ፖምፓ ማለት አይደለም፣ ሻጩ ራሴ እየነገርኩህ ነው። አሁን የሚገባው አብዛኛው ጎማው ስስ ነው። አሮጌውን ካልጣልከው አስቀምጠው። ደግሞ ሲገጥሙልህ በፖምፓውና በሞተሩ መካከል ስንት ጓርኒሲዮን አደረጉ? ዘይት እንዳያፈስስ ብለው ሁለት ሦስት የሚደርቡ አሉ። ያኔ ፖምፓው ክንዱን ከሚገፋው ካምሻፍት ይርቃል፣ ክንዱ ሙሉ አይመታም፣ የሚስበውም ያንሳል። ሜዳ ላይ አይታወቅም፣ ጭነት ላይ ይታወቃል።

ክዳንም እንዲሁ። ለዚች መኪና የሚተነፍስና የማይተነፍስ ክዳን ጎን ለጎን ይሸጣል፤ መልካቸው አንድ ነው።

አውቶ_መምህርት | ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 1፡15

ቴክኒክና ሙያ አስተምራለሁ፤ ይችን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ልሰጣት ነው። ጋሽ ፒንሳ ያሉትን ፈተና ሳታደርግ ምንም እንዳትገዛ። እስከዚያ ግን ከጻፍከው ውስጥ ሁለት ነገር አልፈውህ ሄደዋል ብዬ እፈራለሁ።

አንደኛ፣ በደጀን በኩል ባዶዋን ስትወጣ ደህና ናት፣ በጎሃ ጽዮን በኩል ስትጫን ትቆማለች ብለሃል። ሁለቱም ሽቅብ ናቸው፣ በረሃው አንድ ነው፣ ፀሐዩም አንድ። የተለየው ጭነቱ ነው። የተጫነች መኪና በደቂቃ ብዙ ቤንዚን ትጠጣለች። ስለዚህ የሚያጥራት ብዙ ስትፈልግ ነው፤ ትንሹማ ይደርሳታል። ሲመለሱ ታንኩም ጎድሏል፣ እሱን ጨምርበት።

ሁለተኛ፣ መስመሩ ወደ ኋላ ሲነፋ ሁለት ጉዞ ዳነች። ሙቀት በኮምፕሬሰር አይነፋም። የተነፋው ሌላ ነገር ነው።

ስለ ትነቱም ላስረዳ፣ የአዋሽ ሹፌር ያለው ውሸት አይደለምና። ፖምፓ ቤንዚን "ይስባል" እንላለን እንጂ፣ የሚያደርገው በራሱ በኩል ያለውን ግፊት ማሳነስ ነው፤ ቤንዚኑን ከታንክ ገፍቶ የሚያመጣው በላዩ ያለው አየር ነው። ከድልድዩ እስከ ጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ትወጣለህ፤ ላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስትደርስ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ገፊው ደከመ ማለት ነው። በዚህ ላይ መንገዱ አንድ ቦታ ከጠበበ ፖምፓው አጥብቆ ይስባል፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ግፊት ሲወርድ ደግሞ ቤንዚን በቀላል ሙቀት ይፈላል። አረፋ ብታይ አይግረምህ፤ ግን አረፋውን የወለደው መጥበቡ ሊሆን ይችላል።

የአዋሽ_ሹፌር | ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 1፡40

መምህርት፣ እኔ ሃያ ዓመት ጨርቅ ሳጠልቅ የኖርኩት በከንቱ ነው ማለትሽ ነው?

አውቶ_መምህርት | ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 1፡52

በከንቱስ አይደለም። ጨርቁ ያበርዳል፣ ሲበርድ ትነቱ ይቀንሳል፣ ትሄዳለህ። ራስ ምታትን በክኒን እንደማስታገስ በለው።

የአባቴ_መኪና | ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3፡30

ተመለስኩ። ቆመች፣ እንደ ልማዷ፣ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ።

መስታወቷ ባዶ። ጠብታ የላትም።

የታንኩን ክዳን ከፈትኩ፣ ምንም ድምፅ የለም። ክዳኑ ይተነፍሳል ማለት ነው። ወዲያው ለማስነሳት ሞከርኩ፣ እምቢ። ጎማውን ነቅዬ ረዳቴ ሞተሪኖ መታልኝ፤ ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ትፍ ትፍ የሚል አረፋ ብቻ ነው። ፕላስቲክ ፊልትሮዋ ደግሞ ውስጧ ይታያል፤ ሩብ ቤንዚን፣ ከላይ አረፋ። ፖምፓውን በእጄ ነካሁት፣ ሞቋል ግን አያቃጥልም፣ እጄን አስቀምጬ ማቆየት ችያለሁ። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ያው ጠርሙስ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ሊትር ሞላ።

ቦቢና | ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3፡41

እሺ፣ ምናልባት ቦቢና አይደለም።

ጋሽ_ፒንሳ | ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 1፡05

ጎሽ። አሁን ጨዋታው ከታንኩ እስከ ፖምፓው ባለው መንገድ ላይ ነው። ግማሽ ሊትር በግማሽ ደቂቃ የሚሰጥ ፖምፓ አልታመመም።

በዚያ መንገድ ላይ የሚያሳስበኝ ሁለት ነው። አንዱ ውስጥ የሚጋርድ ነገር አለ፤ ሞተር ሲሳብ ይለጠፋል፣ ሲጠፋ ሳቢ ስለሌለ ወድቆ ይረጋል። ሃያ ደቂቃህ ይች ናት። ሌላው የጎማ ቱቦ መሰንጠቅ። ልብ በል፣ ከፖምፓው በኋላ ያለ ቱቦ ሲሰነጠቅ ቤንዚን ያንጠባጥባል፣ ታየዋለህ። ከፖምፓው በፊት ያለው ሲሰነጠቅ ግን አያንጠባጥብም፣ አየር ይጠጣል። ደረቅ ነው ብለህ ታልፈዋለህ።

ዳላስ_ጋራዥ | ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 4፡18

ከቴክሳስ ሰላም። እዚህ አሮጌ ላንድክሩዘር የሚሰበስቡ ሰዎች መኪና እሠራለሁ። ታንኩን ከማውረድህ በፊት ለይተህ እወቅ፦ ፖምፓው ላይ የሚገባውን ቱቦ ነቅለህ በሌላ ቱቦ ከጀሪካን አገናኘው። በዚያ ሽቅቡን ከወጣች ጥፋቱ ከታንክና ከመስመሩ ነው።

ጋሽ_ፒንሳ | ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 4፡50

ፈተናው ጥሩ ነው፣ ግን ጀሪካኑን ጋቢና ውስጥ የሚያደርግ ሰው አይጠፋም፣ እባካችሁ። ጭነት ላይ፣ በገመድ ታስሮ፣ ክዳኑ ለቱቦዋ ብቻ ተበስቶ ትንሽ መተንፈሻ ኖሮት። እሳት ማጥፊያ ይኑርህ። መስመር ላይ ሌላ ሰው ይነዳ፣ አንተ ዓይንህን ከጀሪካኑ አታንሳ።

አውቶ_መምህርት | ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 5፡12

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጭነት ላይ የተቀመጠ ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ ይላል፣ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ስለዚህ ብትወጣም "ፖምፓው ፍጹም ነው" አትበል፤ ታግዟል። ካልወጣች ግን ነገሩ አለቀ፣ ጥፋቱ ከራሱ ከፖምፓው ጀምሮ ወደ ካርቡሬተሩ ባለው ላይ ነው።

የአባቴ_መኪና | ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 2፡20

በጀሪካኑ ከድልድዩ እስከ ጎሃ ጽዮን ሳትንተባተብ ወጣች። ሙሉ ጭነት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ያለ ጨርቅ። ረዳቴ እልል አለ። እኔ ግን ዓይኔ ጀሪካኑ ላይ ስለነበር መንገዱንም አላየሁትም።

ነገ ታንኩ ይወርዳል።

የአባቴ_መኪና | ኅዳር 18፣ ከቀኑ 10፡05

ታንኩን አወረድነው። የቤንዚን መሳቢያ ቱቦውን ስናወጣ ጫፉ ላይ ያለችው ወንፊት እንደ ዓሣ ቅርፊት በሚመስል ነገር ተለብጣለች። ቡናማ፣ ስስ፣ ጥፍር የሚያህል ቅራፊ። ታንኩን ገልብጠን ስናራግፈው የዚሁ ዓይነት አንድ ጣሳ ሙሉ ወጣ።

እናቴን ጠየቅኋት። አባቴ ታንኩ ያፈስስ ነበርና አንድ ሰው ውስጡን የሆነ ቀለም አጠጥቶ ደፍኖለት ነበር አለችኝ። መኪናዋ ያኔ ሥራ ላይ ነበረች፣ ታንኩ ሳይደርቅ ሳይጸዳ ነው የተቀባው። ያ ቀለም ነው እየተላጠ ያለው። በኮምፕሬሰር ሲነፋ ቅራፊው ከወንፊቱ ይለቅቅና ታንኩ ውስጥ ይበተናል፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ ይሰበሰባል። ሁለት ጉዞ ማለት ያ ነው።

ሌላም አለ፤ ጋሼ እንዳሉት ከታንኩ የቤንዚን መውጫ ላይ ያለችው አጭር የጎማ ቱቦ ስናጥፋት ተሰንጥቃለች፣ ከውጭ ግን ደረቅ ነበረች።

ታንኩን እንዴት ላጽዳው? አንድ ሰው ይቆረጥና ይበየድ ይላል።

ጋሽ_ፒንሳ | ኅዳር 18፣ ከቀኑ 10፡22

አይበየድም! ባዶ የቤንዚን ታንክ ከሙሉው የከፋ ነው፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ነው የሚፈነዳው። ብየዳ የሚያስፈልገው ከሆነ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ለዚህ ሥራ የለመደ ሰው ጋ ይሂድ።

ለቅራፊው፣ ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጭን ሰንሰለት አስገባበት፣ ሙቅ ውሃና ኦሞ ጨምር፣ ሁለት ልጆች ይዘው ይናጡት። እንደ ቅቤ መናጥ ነው፣ ቶሎ አይሰለቹ። ውሃውን እየቀየራችሁ ደጋግሙ። ቅራፊ መውጣቱ ሲያቆም በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ገልብጣችሁ ቢያንስ ሁለት ቀን አድርቁ፣ ከዚያ በትንሽ ቤንዚን አለቅልቃችሁ ድፉት። የሚያፈስሰው ቦታ ከተገለጠ ጎሽ፣ አሁን በወጉ ይደፈናል።

ወንፊቷን ቀዳደህ እንዳትጥላት። "ትዘጋለች" ብለው የሚያወልቋት አሉ፤ ያኔ ቆሻሻው ፖምፓ ውስጥ ይገባልሃል።

ሶማሌ_ተራ_ልጅ | ኅዳር 18፣ ከቀኑ 11፡10

የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይር፣ የቤንዚን ብለህ ጠይቅ። የውሃ ቱቦ የሚሸጥልህ አለ፣ በወር ውስጥ ውስጡ ያብጥና ይላላጣል፣ ተመልሰህ ወንፊት ልትጠርግ ነው። ድሮ ቤንዚኑ ላይ ኢታኖል ሲቀላቀል ስንቱ አሮጌ ጎማ እንደተበላሸ እኔ አውቃለሁ፣ ገበያዬ ነበር። ፋሻታዎቹንም (የቱቦ ማጥበቂያዎቹን) አዲስ አድርግ።

የአባቴ_መኪና | ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 1፡48

ሦስት ጉዞ አደረግሁ። ሽቅቡን ጤፍ ጭና ሳትቆም ትወጣዋለች። ጨርቁን ጣልኩት።

ግን አዲስ ነገር መጣ፣ ወይም ድሮም ነበረ፣ ትልቁ በሽታ ሸፍኖት። ጎሃ ጽዮን ደርሼ ሞተር አጥፍቼ ምሳ እበላለሁ። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ስመለስ አትነሳም። ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። ብዙ መትቼ መትቼ ጥቁር ጭስ ተፍታ ትነሳለች። እንደገና ትነት?

ጋሽ_ፒንሳ | ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 2፡15

አሁን ገና ሙቀት ነው! ይሄኛው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ያኛው ማጣት፣ ይሄ መታፈን።

የ2ኤፍ ካርቡሬተር የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ አናት ላይ ነው የተቀመጠው። ሞተር ሲሠራ ቬንቲሌተር ይነፍሳል፣ አዲስ ቤንዚንም እየገባ ያበርደዋል። ስታጠፋው ሁለቱም ይቆማሉ፣ ሙቀቱ ሽቅብ ይመጣል፣ ጓዳው ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላና በጅግለሩ (በቀጭኗ የቤንዚን ቀዳዳ) በኩል ወደ ሞተሩ ይንጠባጠባል። ስትመለስ ሲሊንደሮቹ ረጥበዋል።

እንዲያ ስትሆን መርገጫውን እስከ ወለሉ ተጫንና ሳትለቅ ሞተሪኖ ምታ። ደጋግመህ አትርገጥ፤ በረገጥክ ቁጥር ቤንዚን ትጨምርባታለህ።

አንድ ነገር እይ። በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ መካከል ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ባክላይት (ጠንካራ ፕላስቲክ) ያለ የሙቀት መለያ መኖር አለበት። አለ?

የአባቴ_መኪና | ታኅሣሥ 10፣ ከጠዋቱ 2፡30

የለም። ስስ ወረቀት ብቻ ነው ያለው። ካርቡሬተሩን ያጠቡልኝ ጊዜ ጥለውት መሆን አለበት። ደውዬ ብጠይቃቸው "አያስፈልግም ብለን ነው" አሉኝ።

ዳላስ_ጋራዥ | ታኅሣሥ 10፣ ከጠዋቱ 5፡00

ያስፈልጋል እንጂ። ቶዮታ ራሱ ይሄን ችግር ስለሚያውቅ አሜሪካ በገባው ኤፍጄ60 ላይ፣ ያው 2ኤፍ ሞተር ነው፣ ካርቡሬተሩን የሚያበርድ ትንሽ ቬንቲሌተር ገጥሞበት ነበር። መኪናው ከጠፋ በኋላ እንኳ ብቻውን ሲያጓራ ይሰማል፤ ደንበኞቼ "መኪናዬ አልጠፋም" ብለው ይደውሉልኛል። አንተ መለያውን መልስ፣ ከሥሩ ያለውን የቆርቆሮ ጋሻ አብረህ። ቬንቲሌተሩ ይቅርብህ።

ሶማሌ_ተራ_ልጅ | ታኅሣሥ 10፣ ከቀኑ 7፡15

መለያው ያገለገለው አለኝ፣ ያልተሰነጠቀ። የውስጥ መልእክት ላክልኝ። ሲገጠም ብሎኖቹን ተራ በተራ ቀስ እያሉ ነው፣ ባንድ ጎን ከጠበቀ ይሰነጠቃል።

የአባቴ_መኪና | ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 2፡05

መለያውም ጋሻውም ተገጠመ። ትናንት ጎሃ ጽዮን አርባ ደቂቃ ቆሜ ቡና ሁሉ ጠጥቼ ተመለስኩ። ቁልፍ ሳዞር በመጀመሪያው ተነሳች። መስታወቷም መካከል ላይ ነበረች፤ አሁን ኮፈን በከፈትኩ ቁጥር ሳላያት አላልፍም።

ጋሼ፣ መምህርት፣ ሁላችሁም፣ ጤፍ አዲስ አበባ የምትቀበሉበትን ቦታ ላኩልኝ።

ቦቢና | ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 2፡19

እንኳን ደስ ያለህ። ቦቢናዋን ግን አየሃት?

የአባቴ_መኪና | ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 2፡24

አየኋት። ደህና ናት።